ቻናሉ ላይ እናቴ ታመመች

ቴሌግራም ላይ መጻፍ የጀመርኩት ከሥራ በወጣሁበት ዓመት ነው። የፊደል እርማት የምሠራበት ማተሚያ ቤት ማሽኖቹን ሸጦ ሲዘጋ፣ ቀጨኔ እናቴ ቤት ተመልሼ ቁጭ አልኩ። እናቴ ጡረታ ከወጣች ቆይታለች። ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ በማሽን ጩኸት መሐል መነጋገር ስለለመደች፣ ቤት ውስጥም የምታወራው ጮክ ብላ ነው። የማያውቃት ሰው የተቆጣች ይመስለዋል። አልተቆጣችም፤ ጨው አቀብይኝ እያለች ነው።

የምጽፈው እሷን ነበር። ቁልቁለቱን ስትወርድ ድንጋዩን አንድ በአንድ እየረገመች፤ የቦዩ ውሃ ወደኛ በር ሲዞር ከጎረቤት ጋር ስትከራከር፤ ታክሲ ውስጥ ረዳቱን «ልጄ፣ በሩን ቀስ ብለህ ዝጋው፤ እሱም እንደኔ አርጅቷል» ስትለው። ጠዋት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ በስልኬ እጽፍና እለጥፋለሁ። ስሜንም ስሟንም አላወጣሁም። እሷን «እማዬ» ብቻ ነበር የምላት። መጀመሪያ የሚያነቡኝ የድሮ የሥራ ባልደረቦቼ ነበሩ። እነሱ ለሌላ ሰው ላኩት፤ ሌላውም ለሌላ ላከው። ብዙም ሳይቆይ የማላውቃቸው ሰዎች ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ «እማዬ ዛሬ ምን አለች?» እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር።

ያ ጊዜ ደስ ይል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይዤ ግማሽ ቀን እውል ነበር፤ ማንም አያጣድፈኝም።

ከዚያ ማስታወቂያ የሚያሠሩ ሰዎች መጡ። የፀጉር ቅባት፣ የእንግሊዝኛ ትምህርት፣ የሚሸጥ ኮንዶሚኒየም። የሚከፍሉት ትንሽ ቢሆንም ሥራ ለሌለው ሰው ትንሽ አይደለም። ግን በየቀኑ ካልተለጠፈ ሰው ይቀንሳል ይላሉ። ቤት ውስጥ ምንም ያልተፈጠረ ቀን ምን ይጻፋል? እናቴን መጠበቅ ጀመርኩ። ገና አፏን ስትከፍት ስልኬን አነሳለሁ።

«ምንድነው የምትጽፊው?» ትለኛለች።

«ምንም።»

«ምንም ከሆነ ቀና ብለሽ እዪኝ እንጂ!»

አንድ ጊዜ ክፉ ጉንፋን ያዛት። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ትንፋሿን ሳዳምጥ የተሰማኝን ፍርሃት ጻፍኩት። ከልቤ ነበር የጻፍኩት፤ ለማንም ብዬ አልነበረም። ያ ጽሑፍ ከጻፍኳቸው ሁሉ በላይ ተነበበ። ሰዉ አለቀሰ፣ ጸለየ፣ ለወዳጁ ላከ። ማስታወቂያ ከሚያሠሩት አንዱ «እንዲህ ዓይነቱን አብዢልን» ብሎ ጻፈልኝ። እናቴ ሳትቆይ ዳነች፤ ተነስታም ከሽንኩርት ነጋዴ ጋር ተጣላች። ያንንም ጻፍኩ። የሚያነበው ጠፋ። እማዬ ስትድን ሰው ሁሉ ወደ ጉዳዩ ሄደ።

ያን ቀን አንድ ነገር አስጠላኝ። ምን እንደሆነ ግን ቁጭ ብዬ አላሰብኩበትም።

ክረምቱ እየገባ ነበር። ከእናቴ አልጋ በላይ ያለው ቆርቆሮ ዝጎ እንደ ወንፊት ሆኗል። ባለፈው ክረምት ሳፋ ደርድረን ነው የከረምነው። ቆርቆሮ ተወዷል፣ አናጢ ተወዷል። ቻናሉን ይሽጡልኝ የሚል መልእክት የመጣው ልክ በዚያ ሰሞን ነው።

ዊንጌት አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ተገናኘን። ዙሪያችን ተማሪዎች ይንጫጫሉ። ወጣት ነው፤ ጫማው ያበራል፤ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ስለሚያደርግ ወደሱ ጠጋ ማለት ነበረብኝ።

«ጽሑፍዎን ሁሌ ነው የማነበው» አለኝ። «በተለይ እማማ ያመማቸው ጊዜ የጻፉት። ከሁሉም የበለጠ የተነበበው እሱ ነው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«አይቻለሁ።»

ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ማስታወቂያ ነዋ። ሌላ ምን ይደረግበታል?»

የቻናሉን ስም እንዲቀይር፣ የድሮ ጽሑፎቼን ደግሞ እንዳይነካ ለመንኩት። ልመና ነበር፤ ውል አልነበረንም። ቴሌግራም ቻናል በውል ይሸጣል ብዬ አስቤም አላውቅ።

«ስሙን ቀስ እያልን እንቀይረዋለን፤ ሰው እንዳይደነግጥ» አለ። «የድሮዎቹንማ ለምን ብዬ እነካለሁ? ዋናው ሀብት እኮ እነሱ ናቸው።»

ብሩን ላከልኝ፤ እኔም የባለቤትነት ማስተላለፊያውን ቁልፍ ተጭኜ የይለፍ ቃሌን አስገባሁ። ወዲያው የገዛ ቻናሌ እንደማንኛውም አንባቢ ያስተናግደኝ ጀመር። መጻፊያው ሳጥን ጠፋ። ሰውየው ማኪያቶውን ሳይጨርስ ተሰናብቶኝ ሄደ።

ቆርቆሮው ተመታ። እናቴ አዲሱን ጣሪያ አንጋጣ እያየች «ከየት አመጣሽው?» አለችኝ።

«ጽሑፍ ሸጬ።»

«ጽሑፍ ቆርቆሮ ይገዛል?» ብላ ሳቀች። «እንዲያ ከሆነ አጥሩንም ጻፊልን!»

እኔም ለራሴ ነገሩን አስተካከልኩት። ለእንጀራ፣ ሸጎሌ አካባቢ ላለ የቤት ዕቃ ነጋዴ የፌስቡክ ማስታወቂያ እጽፋለሁ፤ ሶፋ ማወደስ ማንንም አይጎዳም። የምወደውን ጽሑፍ ደግሞ ሲመቸኝ፣ ያለ ማስታወቂያ፣ በሌላ ቦታ እጀምራለሁ። ሁለቱ ካልተገናኙ አይጣሉም ብዬ አሰብኩ።

ቻናሉ ለተወሰነ ጊዜ ማስታወቂያ ብቻ ሆነ። አንድ ጠዋት ግን ስከፍተው «እማዬ ዛሬ» ብሎ የሚጀምር አዲስ ጽሑፍ ጠበቀኝ።

መጀመሪያ የራሴ መሰለኝ። ረስቼው የነበረ አሮጌ ጽሑፍ መልሶ የለጠፈው መሰለኝ። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ የነጠላ ሰረዙ ቦታ እንኳ የኔ ነው። እማዬ ደጅ ወጥታ ፀሐይ ስትሞቅ፣ አላፊ አግዳሚውን ስትተች ይተርካል። ደጋግሜ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። እናቴም እንዲህ ያለ ነገር አላደረገችም። ግን ብታደርግ ኖሮ ልክ እንዲህ ነበር የምታደርገው።

በማግስቱ ሌላ መጣ። በየቀኑ መምጣት ጀመረ። እማዬ እየደከማት ነበር። አንዱ ላይ እንዲህ ይላል፤ «ጉልበቴ ዛሬ አብሮኝ አልተነሳም፤ አልጋው ላይ ትቼው መጣሁ አለችኝ።» ቃሉ እናቴን እናቴን ስለሸተተኝ፣ ከየትኛው ጽሑፌ እንደወሰደው ለማወቅ የድሮዎቹን አንድ በአንድ ፈለግኩ። የለም።

በዚያው ሳምንት እናቴ ግድግዳውን ይዛ ከጓዳ ወጣች።

«ጉልበቴ ዛሬ አብሮኝ አልተነሳም» አለች።

ብርጭቆዬን አስቀምጬ ወደሷ ዞርኩ። «ምን አልሽ?»

«ጉልበቴ ነዋ! ደንቁረሻል?»

ምናልባት ድሮም ትለው ይሆናል፤ እኔም ሰምቼ የዘነጋሁት ይሆናል። እንዲያ ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ቻናሉን ሳልከፍት እናቴን ማየት፣ እናቴን ሳላይ ቻናሉን መክፈት አቃተኝ። ጠዋት መጀመሪያ የማነበው እንዴት እንደዋለች ሳይሆን እንዴት እንደምትውል የሚነግረኝ ይመስለኝ ነበር።

ደወልኩለት። አሁን «እርስዎ» ቀርቷል።

«ማነው የሚጽፍልህ?» አልኩት።

«ማንም። ጽሑፎችሽን በሙሉ ለኤአይ ሰጠሁት፤ ራሱ ይጽፈዋል። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንዳንዴ ካንቺ ይሻላል። አይደክመውም።»

«እናቴን አታሳምማት።»

ሲመልስልኝ ድምፁ እንደ ካፌው ቀን ዝቅ ያለ ነበር። «እናትሽን ምን አደረግኳት? እናትሽ ቤትሽ ናት። እዚህ ያለችው እማዬ ናት። እማዬን ሸጠሽልኛል።»

ስልኩን ዘጋው። ከዚያ በኋላ አንስቶልኝ አያውቅም።

እማዬ ሆስፒታል ገባች። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ዝም አለ። ልጅቱ፣ ማለትም እኔ፣ ኮሪደር ላይ ቆማ አለቀሰች። ከጽሑፉ ሥር የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተቀመጠ፤ «አቅማችሁ የፈቀደውን» ይላል። አስተያየት መስጫውን ዘግቶታል፤ ሰው ማንበብና መላክ እንጂ መጠየቅ አይችልም።

ይህን ሁሉ ከእናቴ ደብቄ ነበር። በጉልበቷ ምክንያት ሰሞኑን ከደጅ አልወጣችም። አንድ ቀን ሳሙና ልገዛ ወደ ታች ስወርድ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ፣ ከስልጤ መጥቶ እኛ ሰፈር ያረጀ ሰው፣ ከባንኮኒው ወጥቶ እጄን ያዘ።

«እማማ እንዴት አደሩ? ለምን አልነገርሽንም? እኛ ጎረቤት አይደለንም?»

«ደህና ናት» አልኩት። ወዲያው ገባኝ። «አንብበኸው ነው?»

«ልጄ ናት ያሳየችኝ። ትንሽ ነገር ልኬያለሁ፤ አላህ ይጨምርበት። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ስላላየኋቸው እኮ ነው የደነገጥኩት።»

እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። አልቋጨሁትም፤ መሐል ላይ እያለሁ ጭንቅላቱን ይነቀንቅ ነበር። «ወላሂ ያንቺ ነው ያልኩት» አለ። «ያንቺ አነጋገር ነው። የሳቸውም አነጋገር ነው።» ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ «ታዲያ ለማን ነው የላክሁት?» አለኝ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪዋ ወጣት ሴት ናት፤ በትዕግሥት አዳመጠችኝ። ቻናሉን በፈቃዴ አሳልፌ መስጠቴን ሦስት ዓይነት አድርጋ ጠየቀችኝ፤ ሦስቴም አዎ አልኩ። «ጽሑፉን ተይው» አለችኝ። «ገንዘቡ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የላኩ ሰዎች ራሳቸው መጥተው ያመልክቱ።»

ሰዎቹን የት አገኛቸዋለሁ? አዲስ ቻናል ከፈትኩና እውነቱን ጻፍኩ። እናቴ ጎረቤት ስትጣራ የቀዳሁትን ድምፅም አስቀመጥኩ። ያገኙኝ ጥቂት አንባቢዎች ሰደቡኝ። ድምፁ በኤአይ የተሠራ ነው አሉ። እናቷ በምትሰቃይበት ሰዓት ስሟን ልትሰርቂ መጣሽ አሉ። አንዷ የጻፈችው ዛሬም ከአእምሮዬ አልወጣም። «አንቺ እሷ አይደለሽም። የሷ ጽሑፍ ለዛ አለው።»

የወሩ መድኃኔ ዓለም ዕለት እናቴ «ዛሬ ካልሄድኩ መቼ ልሄድ ነው?» ብላ ተነሳች። ክንዷን ይዤ፣ ዳገቱን እያረፍን ወጣን። ስልኬን አጥፍቼ ነበር። ቅዳሴው አልቆ ወደ በሩ ስንወጣ ፀሐዩ ሞቅ ብሏል፤ እናቴም ደህና ተነፈሰች።

ከበሩ ውጭ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት አየችኝና እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ማተሚያ ቤት አብራኝ ትሠራ የነበረች ሴት ናት፤ ከተለያየን ቆይተናል። ትከሻዬ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ! ቤቱ ጠፍቶኝ እዚህ እጠይቃለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። ነፍሷን ይማር!»

እናቴ አጠገቤ ቆማለች። ክንዷ ክንዴ ውስጥ ነው። «ማን ሞቶባት ነው?» አለች፣ በዚያ ባልተቀነሰ ድምጿ።

ሴትዮዋ ቀና ሳትል «እናቷ» አለች።

«እናቷ እኔ ነኝ።»

ልቅሶው ቀጥ አለ። ሴትዮዋ ቀስ ብላ ለቀቀችኝ፤ እናቴን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። በዙሪያችን ያለፉ ሰዎች ዞር ዞር ብለው አዩን። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለችና ወደኔ ዞረች።

«ምን ሠርተሽ ነው?» አለችኝ። ያን ጊዜ ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር። በሕይወቴ እንዲያ ዝቅ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ቤት ገብተን ሁሉንም ነገርኳት። የድሮ ባልደረባዬም ተከትላን መጥታ ከንፈሯን እየነከሰች ጥግ ላይ ተቀምጣለች። እናቴ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«አንብቢልኝ» አለች።

«ምኑን?»

«የሞትኩበትን።»

እምቢ አልኩ። እጇን ዘርግታ ስልኬን ልትወስድ ስትል ግን ከፈትኩትና አነበብኩላት። የኔ በሚመስል ዓረፍተ ነገር፣ የኔ በሚመስል ኀዘን፣ እናቴ እየሰማችኝ ሞቷን አነበብኩላት። ድምፄ ሲቆራረጥ ባልደረባዬ «ተይው በቃ» አለች። እናቴ «ትቀጥል» አለች።

ስጨርስ ነጠላዋን አውልቃ አጠፈች።

«በእንቅልፌ ነው?»

«አዎ።»

«አንቺ አጠገቤ ነበርሽ?»

«ነበርኩ ይላል።»

«እ…» አለች። «የእድሩ ሰዎች ይህን ሰምተዋል?»

አላውቅም አልኳት። ተነስታ ከዘራዋን ያዘች። ጉልበቷ ቢያማትም ማንም ሊያስቀምጣት አልቻለም። በየደጁ እየቆመች፣ ባለሱቁ ጋ፣ የእድሩ ዳኛ ቤት፣ የሰፈሩ ሸክላ ሠሪዎች ጋ፣ አለሁ እያለች ዞረች። አንዳንዱ ሳቀ። አንዳንዱ ግን ስታልፍ አማተበ፤ አየሁት፤ እሷም አይታለች።

ባልደረባዬ እናቴን በራችን ላይ አቁማ ፎቶ አነሳቻትና በራሷ ገጽ ለቀቀችው። እሷን ብዙ ሰው ስለሚያውቃት አመኗት። ባለሱቁም ጣቢያ ሄዶ አመለከተ፤ ከሱ ቀጥሎ ሌሎች መጡ። ወዲያው ቻናሉ ጠፋ። የጠፋው የሐሰቱ ብቻ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጻፍኩት ሁሉ አብሮ ጠፋ። ታክሲው፣ ቦዩ፣ የሽንኩርቱ ጠብ። ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም ነበር። ሀብት ነው ያለኝ ሰውዬ ይዞት ሄደ።

ከጣቢያው አንድ ጊዜ ተደውሎልኛል። ሒሳቡ የተከፈተው ስለ ነገሩ በማያውቅ ሰው መታወቂያ ነው አሉኝ። ቻናሉን የገዛውን ሰው እየፈለጉ ነው። የሰጠኝ ስልክ ቁጥር አይሠራም፤ ካፌው ውስጥም የሚያውቀው ሰው አልተገኘም። ከወራት በኋላ ባልደረባዬ የአንድ ሌላ ቻናል ሊንክ ላከችልኝ። ሌላ ከተማ ነው፤ ተራኪው ወንድ ነው፤ የሚጽፈው ስለ አያቱ ነው። አንድ አንቀጽ አንብቤ ነጠላ ሰረዞቹን አወቅኳቸው። ለመርማሪዋ ላክሁላትና ዘጋሁት። አያትየው ገና ጤነኛ ነበሩ።

እኔ አሁንም ለሶፋ ነጋዴው እጽፋለሁ። የራሴንም እጽፋለሁ፤ ግን ከመልቀቄ በፊት ለእናቴ አነባለሁ። ይህንንም አንብቤላታለሁ። «ስሜ የለበትም?» አለች። የለበትም አልኳት። «እንግዲያው አለመሞቴንም አስገቢበት» ብላ ፈቀደችልኝ።

ከኔ ጋር ግን እንደ ድሮው አታወራም። ባለፈው ቅዳሜ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀምን ነበር። ሳላስበው ስለ አባቴ አነሳች፤ ስለሱ ብዙ ጊዜ አታወራም።

«አባትሽ እኮ እኔን ከማግባቱ በፊት…» አለችና ቆመች። ስልኬ ሰፌዱ አጠገብ ተቀምጧል። አየችው።

ተነሳሁ፤ ስልኩን ጓዳ አስገብቼ በሩን ዘግቼ ተመለስኩና ቁጭ አልኩ።

«እሺ፣ ከማግባቱ በፊት ምን?»

እናቴ ከምስሩ መሐል ጠጠር አውጥታ ወደ ደጅ ወረወረች።

«ምንም» አለች። «ልቀሚ።»